በአደይ የሚሳበብ ማስነጠስ

አያቴ በመስከረም ማስነጠስ ስጀምር ምክንያት ፍለጋ አትደክምም ነበር። ደጅ ላይ ቆማ ወደ ሜዳው ታሳየኝና «አደይ ስትፈነዳ ያንተም አፍንጫ አብሮ ይፈነዳል» ትለኛለች፤ በቃ። ክሱ ደግሞ ማስረጃ ያጣ አልነበረም። በእኛዋ ትንሽ ከተማ በቢቸና ዙሪያ ያለው ዋልካ መሬት ሐምሌንና ነሐሴን ውኃ ተኝቶበት ይከርምና መስከረም ላይ ጠፈፍ ሲል ወሰኑ፣ ተረተሩ፣ የመንገዱ ዳር ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። በዚያው ሰሞን የሰው ዓይን ይቀላል፤ አፍንጫ ይፈስሳል፤ በቅዳሴ መካከል የአንዱ ማስነጠስ ሳያባራ ሌላው ይቀበለዋል። አበባዋ ስትመጣ ሕመሙ ይመጣል፣ ስትረግፍ ይሄዳል። በላ ልበልሃ ተብሎ ችሎት ቢቆም አያቴ የምትረታ ይመስለኛል።

እኔ ግን ለአደይ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። ለአበባዋ አዝኜ ብቻ አይደለም። አደይን የሚፈራ ሰው ቢጫውን ሜዳ ሸሽቶ ጓሮው ውስጥ ካለው ሰርዶ ላይ ጋቢውን አንጥፎ ይተኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫው ተዘግቶ ሲያድርም ነገሩ ግራ ይገባዋል።

ከዱቄቱ እንነሳ። በአበባ መካከል በቆሙት ቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው ዱቄት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ፖለን ሲባል የሰማነው፣ የተክሉ የወንዴ ዘር ነው። ፍሬ እንዲያዝ ይህ ዱቄት የሴቴው ክፍል ላይ ማረፍ አለበት። ተክል እግር የለውምና መልእክተኛ ይፈልጋል። ዋነኞቹ መልእክተኞች ሁለት ናቸው፤ ነፍሳትና ነፋስ። የወቅት አለርጂ ነገር በአብዛኛው የሚፈታው በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ነው።

በንብ የምትላክ አበባ ንቧን መጥራት ይኖርባታል። ስለዚህ ቀለም ታወጣለች፣ ትሸታለች፣ ለጉልበቷ ዋጋ የሚሆን ጣፋጭ ፈሳሽ ታዘጋጃለች። ዱቄቷም ዘይት ቢጤ የተቀባና የሚያጣብቅ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአደይን ዘመዶች ዱቄት ዙሪያውን እሾህ ወርሶት ታገኙታላችሁ። ንቧ ላይ ተለጥፎ ለመሄድ የተሠራ ነው እንጂ አየር ላይ ለመንሳፈፍ አይደለም። ከአበባዋ ቢያመልጥ እንኳ ብዙ ሳይርቅ መሬት ይወድቃል። ምስክር ለመጥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ክረምት እንደወጣ ከቀፎ የሚቆረጠው ማር ከአደይ፣ ከኑግና ከመሰሎቻቸው የተቀሰመ ነው። ንቧ ተሸክማው የሄደችው ዱቄት ለአያቴ አፍንጫ አይተርፍም። እርግጥ እቅፍ አድርጎ ቆርጦ ፊቱን የቀበረባት ሰው ቢያስነጥስ አልከራከርም። ሜዳው ሙሉ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ከሩቅ የሚያስነጥስ ግን ሌላ ነገር አለ።

ያ ሌላው ነገር ቀለም የለውም። በነፋስ የሚላክ ተክል ማጌጥ አያስፈልገውም፤ ነፋስ ዓይን የለውማ። የሚያስፈልገው ደረቅ፣ ቀላልና እጅግ ብዙ ዱቄት ነው። ንብ ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ አድራሻ ታውቃለች። ነፋስ ግን ያገኘው ላይ ይበትናል። ስለዚህ ተክሉ ከብዙ ሺህ አንዷ እንኳ ብትደርስ ብሎ ያለ ስስት ይለቃል። የቀረችው ሁሉ ጣሪያ ላይ፣ ኩሬ ላይ፣ ነጠላ ላይ፣ የሰው ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ታርፋለች። የዚህ ዓይነት ተክል በደጋው ውስጥ ከምንም በላይ የበዛው ሣር ነው።

ሣር አበባ እንዳለው የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። እንቁጣጣሽ ላይ አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች በአንድ እጃቸው አደዩንም ለምለሙን ሣርም ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ። ዓይናችን አበባዋ ላይ ይቀራል። ከዚያው እጅ ውስጥ ያበበ ሣር ካለ ግን ጥፋተኛው እሱ ነው። ስንደዶን ያዩ እናቶች ደግሞ ያለ ሳይንስ መምህር ይህን ያውቃሉ። ልጃገረዶች ለስፌት ብለው በመስከረም የሚነቅሉት ዘንግ የሣሩን አበባ ተሸክሞ የሚወጣው ነው። ሰርዶ፣ ሙጃ፣ ሰምበሌጥ፣ አክርማ ሁሉም ክረምቱን ጠጥተው ወደ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ራስ ያወጣሉ። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ጠል ሲተን ጠዋት ወደ ግጦሽ ሜዳ ይውጣ። ከሣሩ ራስ ላይ እንደ ክር የተንጠለጠሉ፣ አንዳንዴ ቢጫ አንዳንዴ ወይን ጠጅ የሆኑ ጥቃቅን ከረጢቶች ያገኛል። ጥቁር ጨርቅ ከሥሩ ዘርግቶ ሣሩን በጣቱ መታ ቢያደርገው ጨርቁ ላይ ደብዛዛ ቢጫ ጉም ያርፋል። የሰርዶ ዱቄት አለርጂ የሚያስነሳ መሆኑ ደግሞ ሣሩ ባለባቸው ሞቃት አገሮች ሁሉ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ገበሬው «ጤፍስ ሣር አይደለም ወይ?» ቢለኝ ልክ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሣር ዘመዶች ናቸው። ነገር ግን ሦስቱም በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ስለሆኑ ወደ አየር የሚለቁት ዱቄት ትንሽ ነው። የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ ተከፍታ ጉዳይዋን እቤቷ ውስጥ ጨርሳ ትዘጋለች። በቆሎ ከነሱ ይለያል፤ ዱቄቱን በነፋስ ይልካል። ሆኖም አንዷ ቅንጣት ከ80 እስከ 100 ማይክሮሜትር ትሆናለችና ከባድ ናት፤ አብዛኛዋ ከማሳው ብዙ ሳትርቅ ትወድቃለች። የተራ ሣር ቅንጣት ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ማይክሮሜትር ናት። የሰው ጠጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮሜትር ገደማ መሆኑን አስቡና ከጠጉራችሁ የቀጠነች ነገር ነፋስ ይዟት ስንት ጋራ እንደምትሻገር ገምቱ። ስለዚህ ቢቸና ላይ የሚያስነጥሰው ሣር የግድ ቢቸና የበቀለ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሜዳው የሁሉም፣ ነፋሱም የሁሉም ሆኖ ሳለ ለምን እኔ አስነጥሳለሁ፣ እረኛው ወንድሜ ግን ሣር ላይ ተንከባሎ እያደገ ደህና ሆነ?

የአበባ ዱቄት መርዝ አይደለም፤ ጀርምም አይደለም። ሰውነት ዝም ቢለው ምንም ሳያደርግ ከንፍጥ ጋር የሚወጣ ነገር ነው። ሕመሙ የሚመጣው ከሰውነት ጥበቃ ነው። የገጠር ውሻን አስቡ። ውሻው የተቀመጠው ለጅብ ነው። አንዳንዱ ውሻ ግን አንድ ቀን በድንግዝግዝ የመጣን እንግዳ ከጅብ ጋር ያምታታል። ያን ዕለት ብዙ ላይጮህ ይችላል፤ ሽታውን ግን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያ እንግዳ በደጅ ባለፈ ቁጥር ሰንሰለቱን ይበጥሳል። በሰውነት ውስጥም ነገሩ በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰውነት ከሣር ዱቄት የሚወጣውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይመዘግብና ለእሱ ብቻ የተሰፋ አንቲቦዲ ያዘጋጃል። ይህን የአንቲቦዲ ዓይነት፣ አይ ጂ ኢ የሚባለውን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳወቁት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ናቸው። አንቲቦዲው በአፍንጫና በዓይን ሽፋን ሥር በሚኖሩ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። ሕዋሳቱ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ተሸክመዋል። በሚቀጥለው መስከረም ያው ፕሮቲን ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚኑ ይፈስሳል። ነርቭ ሲነካ ማሳከክና ማስነጠስ፣ የደም ሥር ሲያሰፋ መቅላትና ማበጥ፣ ዕጢ ሲያነሳሳ ውኃ የሚመስል ንፍጥ ይሆናል። አያቴ «ፈነዳ» ያለችው ይህ ነው። ፈንድቷል፤ የፈነዳው ግን ከውስጥ ነው።

ውሻው ከጅብ ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ አንቲቦዲ ዋነኛ ሥራው የአንጀት ትሎችንና መሰል ጥገኞችን መዋጋት እንደሆነ ይታመናል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ስም በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የገባበት አንድ ታሪክ አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ወደ 13,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። የሲር ሲር ድምፅ ያለው ትንፋሽና አስም በገጠር ከከተማው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ግን ሌላው ነው። በቆዳ ምርመራ ሲታይ የገጠሩ ሰው ከቤት አቧራ ለሚመጡ አለርጂ አስነሺዎች የሚያሳየው ምላሽ ከከተሜው ያነሰ አልነበረም፤ እንዲያውም በልጦ ተገኝቷል። ጠላት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ግን አልሆነበትም። ከዚያ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የጅማ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ ያ የሲር ሲር ትንፋሽ እንደሚያንስ አሳየ። ጅቡ በየማታው የሚመጣበት መንደር ውሻ ለእንግዳ የሚጮህበት ጊዜ የለውም እንደማለት ነው። (ይህን አንብቦ የትል መድኃኒት የሚጥል አይኑር፤ የመንጠቆ ትል ደም የሚመጥ፣ እናትና ልጅን የሚያመነምን ነው።)

የገጠር ሰው ከአለርጂ ሕመም እንደሚተርፍ ቀድሞ የጠረጠረው በማንቸስተር ይኖር የነበረ ቻርልስ ብላክሊ የሚባል ሐኪም ነው። ራሱ የዚህ ሕመም ተጠቂ ነበር። የሣር ዱቄትን አፍንጫውና ቆዳው ላይ እየሞከረ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አረጋግጧል። በዚያው መጽሐፍ ከማንም በላይ ከዱቄቱ ጋር የሚውሉት ገበሬዎች ለምን በዚህ በሽታ እምብዛም እንደማይያዙ ጠይቋል። ከልጅነት ጀምሮ ከከብት፣ ከአፈርና ከብዙ ወንድምና እህት ጋር ማደግ የሰውነትን ጥበቃ ያረጋጋል የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ብዙ ደጋፊ አለው። ይህ ከሆነ ትንሿ የገጠር ከተማ መሃል ላይ የቆመች ናት። ዙሪያዋ ሣር ነው፤ ልጆቿ ግን ከበረት ወጥተው ሲሚንቶ ወለል ላይ እያደጉ ነው። እረኛው ወንድሜና ትምህርት ቤት የዋልኩት እኔ የአንድ እናት ልጆች ሆነን የተለያየነው በዚህ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ የዘር ዕጣም አለበትና በእርግጠኝነት አልናገርም።

በአገራችን ይህ ሕመም የራሱ ስም ስለሌለው በሌሎች ስም ይኖራል። አንዱ ጉንፋን ይለዋል፣ ሌላው ብርድ፣ የተማረው ሳይነስ። ቀትር ላይ ከሜዳ የተመለሰ ሰው ራስ ምታት ከያዘው ደግሞ ምች መታው ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽለታል። መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። ጉንፋን ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞ ይመጣል፤ ንፍጡ ቀን በቀን ይወፍራል፤ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይለቃል። የሣር አለርጂ ትኩሳት የለውም። ንፍጡ እንደ ውኃ ቀጭን ሆኖ ይቀጥላል፤ ማስነጠሱ አምስት ስድስት ሆኖ ይደረደራል። ከሁሉ በላይ ያሳክካል፤ ዓይንን፣ የአፍንጫን ውስጥ፣ ላንቃን። አፍንጫውን በመዳፉ ከታች ወደ ላይ ደጋግሞ የሚያሽ ልጅ ስታዩ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉ። ዋናው ምስክር ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በየዓመቱ በአንድ ወር መጥቶ በአንድ ወር የሚሄድ ጉንፋን የለም።

ልዩነቱ ገንዘብም ያድናል። በመስከረም ለሚያስነጥስ ልጅ አሞክሳሲሊን መግዛት ባክቴሪያ በሌለበት ባክቴሪያ መግደል ነው። ከፋርማሲ የሚገኙት ሴትሪዚንና ሎራታዲን ሂስታሚን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድመው ስለሚይዙ ማሳከኩንና ማስነጠሱን ይቀንሳሉ። ድሮ የምናውቀው ክሎርፌኒራሚንም ይሠራል፤ ግን እንቅልፍ ያመጣልና ማጭድ ለያዘ፣ ባጃጅ ለሚነዳ ሰው አይመከርም። የተዘጋን አፍንጫ በቅጽበት የሚከፍቱት ጠብታዎች፣ እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉት፣ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ ጠብታው ባለቀ ቁጥር አፍንጫውን ከበፊቱ ብሰው ይዘጉታል። ጠብታውን ለወራት ከኪሱ የማይለይ ሰው አውቃለሁ። አሁን የሚያክመው በሽታውን ይሁን ጠብታውን እሱም አያውቅም። ለረዥም ወቅት የሚሻለው እንደ ፍሉቲካሶንና ቤክሎሜታሶን ያለ በየዕለቱ የሚነፋ የአፍንጫ መድኃኒት ነው። ችግሩ ትዕግሥት መጠየቁ ነው፤ ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ከመድኃኒት በፊት ውኃ አለ። ፊትንና እጅን ማታ መታጠብ፣ ሜዳ የዋለበትን ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሶ አለመተኛት፣ የታጠበ ልብስ በመስከረም ጠዋት አጥር ላይ ከማስጣት ይልቅ ከጣሪያ ሥር ማድረቅ። ቅቤ የተቀባ ጠጉርም ዱቄት ይይዛልና ከመኝታ በፊት በሻሽ መሸፈን አይከፋም። አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብም ይረዳል። ለሩብ ሊትር ውኃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ይበቃል። ውኃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ቢቸና ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚያ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ እንደ ቆላው አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

ማር ለዚህ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ፤ የአካባቢህን ማር ብላ፣ ሰውነትህ ከአካባቢህ አበባ ጋር ይለማመዳል ይላሉ። ማር እወዳለሁ። ነገር ግን ማር ውስጥ በብዛት ያለው ንቧ የሄደችበት የአደይና የኑግ ዱቄት ነው። የሚያስነጥሰን ደግሞ ንብ እምብዛም ዞር ብላ የማታየው ሣር ነው። ከማይጣላን ጋር መታረቅ ይሆናል።

የቀኑ ሰዓትም ልዩነት አለው። ሣር በብዛት የሚበትነው ጠል ከደረቀ በኋላ በረፋዱ ነው። ቀትር ላይ የሞቀው አየር ዱቄቱን ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ሲመሽና አየሩ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያወርደዋል። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከሜዳ ዳር ያለን መስኮት መዝጋት፣ ወደ ማታም ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ብዙ አለመቀመጥ የዚህ ትርፍ ነው። ለስላሳ ዝናብ አየሩን ያጥባል፤ ከዝናቡ በኋላ ያለው ሰዓት ለታማሚ ምሕረት ነው። ነጎድጓድ ያለበት ዶፍ ግን የተለየ ነው። የሣር ቅንጣት በርጥበት ስታብጥ ትፈነዳና እስከ ሳንባ ጥልቅ የሚዘልቁ እጅግ ጥቃቅን ፍርፋሪዎች ትለቃለች። ኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሜልቦርን በአንድ ምሽት የመጣ ማዕበል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ትንፋሽ አሳጥሮ 10 ሰዎች ሞተዋል። ከታመሙት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ሲያስነጥሱ እንጂ አስም እንዳለባቸው የማያውቁ ነበሩ። በየወቅቱ አፍንጫው የሚፈስ ሰው ደረቱ ከጠበበ፣ ትንፋሹ ማፏጨት ከጀመረ ነገሩ የአፍንጫ መሆኑ አብቅቷልና ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መስከረም ብቻውን አይደለም። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ይደርቅና ማስነጠሱ መልክ ይቀይራል። አውድማ ላይ ውቂያ ሲጀመር የሚነሳው እብቅና አቧራ የሻጋታ ዘር የተሸከመ ነው፤ መንሽ ይዞ ነፋስ ፊት የቆመው ሰው ከማንም በላይ ይስበዋል። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ በ12ኛው ቀን በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማስወጣት የተያዘ ነው። ዛሬ ግን ለተቆጣ አፍንጫና ለአስመኛ ልጅ የዚያ ቀን ጭስ ራሱ ሕመም ነው፤ ፕላስቲክ ከተጨመረበት ደግሞ ለማንም። ከሣር ውጭ ያሉትም አሉ። ደጃችን ላይ ሳናስተውል የሚበቅለው ጉሎ ዱቄቱን በነፋስ የሚበትን፣ አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ተክል ነው። ወይራ በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በተለይ በስፔን፣ ከዋነኞቹ አስነጣሾች አንዱ ሲሆን የእኛ ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጥድም ከዚሁ ወገን ነው። ቴክሳስ ያሉ ወገኖቻችን በታኅሣሥና በጥር እሳት የሚያስነጥሳቸው ተራራማ ቦታ ላይ የሚበቅል የጥድ ዝርያ ነው፤ በአገራቸው አንድም ቀን ሳያስነጥሱ ኖረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይጀምራቸውና ይደነግጣሉ። ሰውነታቸው አዲሱን እንግዳ መዝግቦ ለመጨረስ ያን ያህል ክረምት ፈጅቶበት ነው።

ወደ ሰሜን ወሎና ወደ ምሥራቁ ቆላ ደግሞ ቅንጬ አለ። ይህ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አረም በአገራችን መታየት የጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሐረርጌ በኩል ነው፤ ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ ይነገራል። በነቀሉት ሰዎች እጅና ፊት ላይ የሚወጣው ሽፍታ ከማስነጠሱ ይብሳል። በባዶ እጅ አለመንካት፣ ነጭ አበባውን ከማውጣቱ በፊት መንቀል ነው ያለው።

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የዱቄቱ መጠን እንደ አየር ጠባይ በሬዲዮ ይነገራል። መለኪያው ቀላል ሐሳብ ነው። ብላክሊ ሙጫ የቀባቸውን መስታወቶች በካይት ላይ አስሮ በመቶዎች ሜትር ከፍታ ላይ ልኮ ዱቄቱ እዚያም እንዳለ አሳይቷል። ሂርስት የሚባል እንግሊዛዊ በ1952 እ.ኤ.አ. የሠራው መሣሪያ ዛሬም በልጅ ልጆቹ በኩል ሥራ ላይ ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር አየር ይስባል፣ ይህም አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲተነፍስ ከሚያስገባው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ አየሩን በሰዓት ሁለት ሚሊሜትር በሚንቀሳቀስ አጣባቂ ቴፕ ላይ ይረጨዋል። ባለሙያ ቴፑን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይቆጥርና በአንድ ሜትር ኩብ አየር ስንት ቅንጣት እንደነበር ያሰላል። ብሪታንያ ውስጥ የሣር ቅንጣት ከ50 ሲያልፍ ከፍተኛ፣ ከ150 ሲያልፍ እጅግ ከፍተኛ ይባላል።

ቢቸና ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልጠብቅም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕና አንድ ዕቃ ቫዝሊን ግን ይገኛል። ስላይዱን ስስ አድርጎ ቫዝሊን መቀባት፣ ዝናብ እንዳይመታው ትንሽ ቆርቆሮ ከላይ አድርጎ ነፋስ በሚያገኘው ጣሪያ ወይም ምሰሶ ላይ ለ24 ሰዓት መተው፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ማውረድ። ቁጥሩ እንደ ሂርስት መሣሪያ የአየሩን መጠን አይነግርም፤ ከባዶቹ ቅንጣቶችም ከቀላሎቹ በላይ ይወድቁበታል። ዛሬ ከትናንት በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ግን ይነግራል። የሣር ቅንጣት ክብ፣ ልሙጥ፣ እንደ አምባር ክፈፍ ያላት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያለባት ናት፤ አንዴ ያያት ተማሪ አይስታትም። እሾሃማዋ የአደይ ቅንጣት አልፎ አልፎ ትታይ ይሆናል። ተማሪዎቹ ሁለቱን ለየብቻ ይቁጠሩ።

ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ በክፍሉ ውስጥ ያስነጠሰ ልጅ ብዛት። ሁለት ክረምት ከተጻፈ በኋላ የሣሩ ቁጥር የሚዘልበት ሳምንት ከገጹ ላይ ይወጣል። በየዓመቱ የሚታመም ሰው የአፍንጫ መድኃኒቱን ከዚያ ሳምንት ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጀምራል፤ ሣሩ ነሐሴ 25 አካባቢ የሚጀምር ከሆነ እሱ ነሐሴ 11 ላይ፣ አደይ ገና እምቡጥ ሳትይዝ።